«ማሽኑን ነጭ አድርገው»

ኸይሩ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ሰሚራ ናት። ከቡታጅራ ደወለች። ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር የከተማችን ወጣቶች እንደ ታመመ ዶሮ አቀርቅረው ስልካቸውን ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። እኔ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ የያዝኩ ሰው ስለሆንኩ ምንም አልቀረብኝም። ሲደወል አነሳሁ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አባቴ ትናንት አረፈ። ቀብሩም ትናንት ተፈጸመ።»

«አላህ ይዘንለት» አልኳት።

«አሚን። አንድ ነገር ንገሪው ብሎኝ ነበር። ‹ሽብሩን ማሽኑን ነጭ አድርገው በይው› አለ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ እሱ ያውቀዋል አለኝ።»

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

ማሽኑ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ነጭ ማድረግም ለእኔ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ለምን እንዳለ ግን ያን ቀን አላወቅሁም፤ ይህን ስጽፍም አላውቅም። የሚያውቁኝ ሰዎች ሽብሩ «አልገባኝም» ብሎ ጻፈ ቢባሉ አያምኑም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

አስቀድሜ የሚናገረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ። የተወለድኩት ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተማርኩህ የሚለኝ ሰው የለም። ማንበብ ያጠናሁት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። የጽሕፈት መኪና መምታት የቻልኩት አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ የጣለውን መኪና ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ ገጥሜ ነው። ኮምፒውተር ወልቂጤ ሲገባ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ወጣቶቹ ኮርስ ሲመዘገቡ እኔ ማስነሻውን ተጭኜ ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ «ይሄ ከእንግዲህ አይሠራም» ብሎ የተወውን የፎቶ ኮፒ ማሽን በሻይ ማንኪያ እጀታ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ብኩራራም በሠራሁት ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ወልቂጤ የዞን ከተማ ሆነችና ቢሮው በዛ። ቢሮ ሲበዛ ማመልከቻ ይበዛል። እትዬ አመለወርቅ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ሁለት ማሽን ነበራት። አንደኛው ላይ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ላይ የነበረውን ጸሐፊ ያሰናበተችው ዓይኑ ደክሞ የከሳሽና የተከሳሽን ስም ስላቀያየረ ነው። «እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም» አለች፤ «ዓይን ያለው ሰው ነው የምፈልገው።» በእሱ ቦታ ኸይሩ መጣ።

ኸይሩ የመስቃን ሰው ነው። ቡታጅራ ለአንድ የበርበሬ ነጋዴ ደብዳቤ ሲመታ የኖረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቀመጥ ከወገቡ ወደፊት የሚደፋ ሰው። ሥራ ሲጀምር የፊደል ሰሌዳውን እፍ ይልበታል፤ የጽሕፈት መኪና ላይ አቧራ እንደሚያባርረው ማለት ነው። መስመር ሲጨርስ ደግሞ ግራ እጁ ራሷን ችላ ትነሳና የሌለ ነገር ወደ ቀኝ ትገፋለች። የዱሮው ጽሕፈት መኪና ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ጋሪ መሆኑ ነው። ኮምፒውተር ጋሪ እንደሌለው ደጋግሜ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እጄ ግን አልሰማችም።»

እኔን «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር። ሌሎች ፌዝ ይመስላቸዋል። እኔ እንደሚገባኝ አድርጌ ነው የተቀበልኩት።

ባለጉዳይ ሲመጣ ኸይሩ የሚለው ነገር አንድ ነው፤ «መጨረሻውን ንገሩኝ።» ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ሲመጣ ከአያቱ ይጀምራል። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

«ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ከቤት ስወጣ ሚስቴ ጨው አትርሳ አለችኝ…»

«አባባ፣ መጨረሻውን።»

«መጨረሻውማ በሬዬን ይመልስልኝ ነው።»

«በቃ። አሁን ጨዉ ጋ ይመለሱ።»

ጽፎ ካተመ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። ወረቀቱን ከፊቱ ይይዝና ለባለጉዳዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ያነብለታል። በመጨረሻም «እንደዚያ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው «እንደዚያ ነው» ካላለ ጣቱን ቀለም አያስነካውም። ቸሃ ቢሆን፣ አረቅጥ ቢሆን፣ ገጠር ያለ ሰው ያልሰማው ወረቀት ላይ ጣቱን ማኖር ይፈራል። በዚህ የተነሳ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ «የሚያነበው ሰውዬ የቱ ነው?» ማለት ጀመረ። ከእኔ የተሻለ ያነብ ነበር አልልም። እኔ ግን አላነብላቸውም ነበር።

አሁን ማሽኑ ጋ ልምጣ። ኸይሩ ገና እንደ ተቀጠረ ሰሞን ዎርድን፣ ማለትም የምንጽፍበትን ፕሮግራም፣ መለዋወጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ፣ ጽሑፉ የሚታይበት ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ጥቁር፣ ፊደሉ ቢጫ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው? ሌሊት ነው?»

«ሰሌዳ ነው። አንተ ልጅ ሳለህ በምን ላይ ተማርክ? በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ አይደለም?»

«ጠመኔ ነጭ ነው።»

«ነጩ አልቆ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ፊደሉን አገዘፈው። በአንድ መስመር ላይ ከጥቂት ቃል በላይ አይታይም። ማመልከቻ ነው የሱቅ ታፔላ ብዬ ሳቅሁበት። «ታፔላማ ሰው ያነበዋል» አለኝ። ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን እንደማንኛውም ጽሑፍ ነው፤ የሚገዝፈው ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ በላይ በኩል የተደረደሩትን መቀስና መጥረጊያ የመሳሰሉ ትንንሽ ሥዕሎች ጠራርጎ አወጣቸው። ሥራውን ሁሉ በጣቱ ቁልፍ በመጫን ይሠራው ጀመር። ከዚያ የሰሚራን የጥፍር ቀለም ከቤቱ አምጥቶ አንዳንድ ቁልፎች ላይ ጠብታ ጠብታ አደረገበት፤ ሲደርቅ እንደ ምስር ፍሬ ጣት ላይ ይሰማል።

ሁለት ፊደል መትቶ አንድ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ማሽኑ ራሱ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፤ እኔ አመልካች ከዚህ በታች የተመለከተውን በትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ይዘረግፋል። ለአድራሻ ሌላ ሁለት ፊደል፣ ለመዝጊያ ሌላ ሁለት ፊደል አለው። ይህን መንገድ መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ። እኔ የተጠቀምኩበት የራሴን ሙሉ ስም ለማስጻፍ ነበር። መብራት በወልቂጤ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ የሚሄድ ስለሆነ ጽሑፉ በየደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥም አዘዘው።

ዛሬ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ስልኩን ጥቁር አድርጎ «ለዓይን ጥሩ ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል» ይለኛል። አዲስ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ግን እኔም ነገሩ ግራ ገብቶኝ ነበር። ማሽን የተሠራው ነጭ ሆኖ ነው፤ ነጭ ያደረጉት ሰዎች ሳያውቁ አይደለም። ጤነኛ ሰው ለምን ያጨልመዋል?

ነገሩን ያወቅሁት በኮት ምክንያት ነው። አዲስ ኮት አሰፍቼ ጠዋት ለብሼው ገባሁና አድናቆት እስኪመጣ ድረስ ከጠረጴዛው ፊት ዝም ብዬ ቆምኩ። ኸይሩ ቀና አለ።

«ግቡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። «ምን ልጻፍልዎ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ኮቴን አስተካከልኩ።

«መጨረሻውን ይንገሩኝ እስቲ።»

«ኸይሩ፣ ሽብሩ ነኝ።»

ፊቱን ወደ ማሽኑ መለሰ። «ኮቱ ነው ያሳሳተኝ።»

«ከኮቱ በላይ ፊት አለኝ እኮ።»

ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ነገረኝ። የስኳር በሽታ አለበት። ሐኪሙ፣ በሽታው ወደ ዓይንህ ወጥቷል፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም ብሎታል። ነጭ ሰሌዳ እንደ ፀሐይ ይወጋዋል። ጥቁር ላይ ቢጫ ሲሆን፣ ፊደሉም ሲገዝፍ ያያል። በየጊዜው ማየቱ እየቀነሰ ሲሄድ እሱም ፊደሉን እየጨመረ ይሄዳል።

«ቡታጅራ ተመልሼ ምን እሠራለሁ?» አለኝ። «በርበሬ ልለቅም? እሱም ዓይን ይፈልጋል። ያለችኝ ሥራ ይህች ናት ፕሮፌሰር። እትዬ አመለ ከሰማች አለቀልኝ።»

«ከማን ትሰማለች?» አልኩት።

ከእኔም አልሰማችም። እኔ ምስጢር የምይዝ ሰው ነኝ። ግን ይህን ካወቅሁ በኋላ የባሰ ግራ ገባኝ። ያላየኝ ሰው ያንን ሁሉ ወረቀት እንዴት አድርጎ ነው የሚያነበው? ማሽኑ ላይ ፊደሉ ይገዝፋል፤ ወረቀት ላይ ግን እንደማንኛውም ጽሑፍ ደቃቅ ነው። እሱ ያነባል፤ ባለጉዳዩ እንደዚያ ነው ይላል። ቀርቤ ስከታተለው አንድ ቃል አልሳተም። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ወረቀቱን ታያለህ ወይስ አታይም?»

«ነጭ እንደሆነ አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትይዘዋለህ?»

«ሰው ወረቀት ካላየ ያምናል?»

መልስ ነው ብዬ ወሰድኩት። ኋላ ሳስበው መልስ አልነበረም።

እንዲህ እያለን መስቀል ደረሰ። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ ወልቂጤ ያለነውም ሱቃችንን ዘግተን ወደየመንደራችን እንበተናለን። እኔ ቸሃ ሄድኩ። ኸይሩ ሙስሊም ቢሆንም ቤቱ ከተዘጋ ምን ያደርጋል፤ ወደ ቡታጅራ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። የእትዬ አመለወርቅ የወንድሟ ልጅ ታደለ መርካቶ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኔም አንድ ሁለት ነገር አሳይቼዋለሁ። ለአክስቱ ያመጣላት የመስቀል ስጦታ ሙያውን ነበር። ሱቁን አስከፍቶ ገባና ማሽኖቹን አየ። የእኔ ንጹሕ ስለ ነበር አልነካውም። የኸይሩን ግን ሰው በሚያመጣው ፍላሽ ቫይረስ ሞልቶት አገኘው። ደግሞም ሰሌዳው ጥቁር፣ ፊደሉ ግዙፍ፣ ሥዕሎቹ የሉም። ይሄማ ፈጽሞ የተበላሸ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። የጥፍር ቀለሙንም ቆሻሻ መስሎት በአልኮል ወለወለው።

በዓሉ አልፎ ሥራ ስንጀምር እኔ ቀድሜ ገባሁ። የኸይሩ ማሽን ቤቱን የሚያበራ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ሊሆን ያለው ወዲያው ገባኝ። ኸይሩ ከበሩ ሳይገባ ልይዘው ብዬ ስነሳ እሱ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እትዬ አመለወርቅ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ ሆና ፊቷ ፈክቷል።

«አየኸው ኸይሩ? ታደለ እኮ ነው። ቫይረሱን ከነሥሩ ነቀለልህ። ያ ጥቁርም ለቀቀው። እኔማ አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው እንጂ ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ትቼዋለሁ።»

ኸይሩ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከፈተ። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አንሸራተተ። ጠብታዎቹን እየፈለገ ነበር።

«አላህ ይስጠው» አለ። «እንኳን አደረሳችሁ በሉልኝ።»

«ኸይሩ፣ ዛሬ የእኔ ማሽን ላይ ሥራ» አልኩት።

«የእኔ ምን ሆነ?» አለ፤ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ። ብናገር ከሥራ የማስወጣው እኔ ነኝ፤ ባልናገር የሚሆነውን አላውቅም። እሱ ቁልፎቹን እፍ አለባቸውና መጀመሪያ የገባችውን ባለጉዳይ ጠራ።

የመጣችው ብርነሽ የምትባል የቸሃ ሴት ናት፤ ሸምገል ያለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ያሰረች። አማርኛው ሲያልቅባት በጉራግኛ ትሞላበታለች።

«መጨረሻውን ንገሩኝ፣ እማማ።»

«አጥሩን ይንቀልልኝ።»

«ማን?»

«ጎረቤቴ ነዋ። ጀፎረው ላይ አጠረ።»

ጀፎረ በእኛ አገር በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ ነው። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ከብት ይነዳበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል። እዚያ ላይ ማጠር ትልቅ ድፍረት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎረቤቷ በየዓመቱ አጥሩን ትንሽ ትንሽ እየገፋ፣ አሁን ላሟ የምታልፍበት አጥታለች። ሽማግሌ መክሮት አልሰማም። ይህን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ተናገረች። ኸይሩ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ሰማት። ከዚያ ዞሮ መምታት ጀመረ። ግራ እጁ በየመስመሩ ጫፍ እየተነሳች ጋሪዋን ትገፋለች። አተመው። ወረቀቱን ወስዶ ከፊቱ ያዘ።

እኔ ከጀርባው ቆሜያለሁ።

ወረቀቱ ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቅንፍና ሰረዝ እንደ ተደፋ ጥሬ ተበታትኖበታል። ዱሮ ማሽኑ ሲነሳ የአማርኛው ፕሮግራም አብሮ ይነሳ ነበር። ታደለ የጫነው አዲሱ ግን ካልቀሰቀሱት አይነሳም። ኸይሩ ያ ነጭ ዓይኑን ሲወጋው ይህን እንዴት ይየው።

እሱ ማንበብ ጀመረ።

«ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፤ እኔ አመልካች ብርነሽ፣ ባለቤቴ በሞት ከተለየኝ ወዲህ በቤቴ ደጃፍ የሚያልፈውን ጀፎረ ጎረቤቴ እያጠበበው ሄዶ፣ ዛሬ ላሜ የምታልፍበት መንገድ አጥታ…»

ዓይኔን አሸሁ። የእኔ ዓይን እስከ ዛሬ መርፌ ይለቅማል፤ ያን ጊዜ ግን ተጠራጠርኩት። ወረቀቱን አየሁ፤ ዝባዝንኬ ነው። ድምፁን ሰማሁ፤ የጠራ ማመልከቻ ነው። ጣቱ በመስመሩ ላይ ትሄዳለች። መስመሩ ሲያልቅ ዝቅ ትላለች።

«ቆይ» አለች ብርነሽ። «‹ላሜ› ነው ያልከው? ከነጥጃዋ ነው እኮ ያልኩህ።»

ኸይሩ ወረቀቱን ወደ ፊቱ ጠጋ አደረገ። «ከነጥጃዋ ይላል። አቋረጡኝ እኮ፣ እማማ።»

«እ፣ ቀጥል።»

እስከ መጨረሻው አነበበላት። «እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው» አለችና አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች።

ጣቷ ወረቀቱ ላይ ብታርፍ ያንን ይዛ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰዎች ይስቁባታል፣ ጎረቤቷም ይሰማል፣ አጥሩም ባለበት ይቆያል። «እማማ፣ ቆዩ» አልኳት። «ቀለሙ ደብዝዟል። በእኔ ማሽን ላውጣልዎ።» ተቀምጬ ኸይሩ ያነበበውን እንደ ሰማሁት መታሁት። የእኔ ጆሮ የሰማውን አይጥልም። ጥጃዋንም አስገባኋት። ኸይሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የቁልፎቼን ድምፅ ሲያዳምጥ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም። ብርነሽ ጣቷን አስነክታ፣ መርቃን ሄደች።

«ደግሞ ሁለት ጊዜ ምን ያሳትማችኋል?» አለች እትዬ አመለወርቅ። «ወረቀት ከሰማይ ይወርዳል?»

ኸይሩ የመጀመሪያውን ወረቀት አንስቶ ወደ እኔ ዘረጋው። «ምን አለበት፣ ሽብሩ?» ያን ቀን ፕሮፌሰር አላለኝም።

«እንግሊዝኛ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ አመለ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

«ምን ማለት ነው አያይም? ከመቼ ጀምሮ?»

«ማሽኑ ከጠቆረበት ጊዜ ጀምሮ።»

እትዬ አመለወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ለታደለ ደወለችለት። «ያጠፋኸውን መልስ» አለችው። እሱ ከወዲያ ሲያስረዳ እሷ «እኮ መልሰዋ» እያለች ደጋገመች። ፎርማት የተደረገ ነገር አይመለስም። ልጁ ሲነገረው በጣም አዘነ፤ ስጦታ ያመጣ መስሎት ነበር።

ኸይሩ ተነስቶ ኮፍያውን ይፈልግ ጀመር። ኮፍያው ራሱ ላይ ነው። በዚህ መሀል አንድ የአረቅጥ ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«የሚያነበው ሰውዬ የቱ ነው?» አለ።

እትዬ አመለወርቅ ሰውየውን አየች፣ ኸይሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ዓይን ያለው ሰው ነው የምፈልገው ብዬ ነበር» አለች። «ሽብሩ ዓይን አለው። አንተ ተቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን አንድ ማሽን ላይ ሠራን። ኸይሩ ይሰማል፣ ይናገራል፤ እኔ እመታለሁ፤ እሱ ወረቀቱን ይዞ ያነባል። የጠፋበትን ሁሉ ልመልስለት ሞክሬያለሁ። የማላውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ እሱ ምን እንዳደረገ በስሙ መናገር አልቻለም። «እጄ ታውቀዋለች» ይለኛል፤ እጁን ሳስቀምጥለት እጁም ረስታዋለች። በመጨረሻ የራሴን ማሽን ጥቁር አደረግሁት፣ ፊደሉንም ቢጫ።

«ይታይሃል?»

«ቢጫው ሲሮጥ ይታየኛል። ሥራ ላይ መሆንህን አውቃለሁ።»

በድምፅ ይከታተለኝ ነበር። ባለጉዳዩ ያላለውን ቃል ልጨምር ስል ቁልፉ በዝቶ ይሰማዋል።

«ፕሮፌሰር፣ ‹አቤቱታዬ ይሰማልኝ› ብሎ ነው ያበቃው። ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሩጫ?»

«ማሳመሪያ ነው።»

«ሰውዬው አላጌጠም። አውጣው።»

ሰው ሁሉ «ኸይሩ የጻፈው ማመልከቻ» ይላል። የመታሁት እኔ ነኝ። ታዲያ የጻፈው ማነው? አንድ ሁለቴ ልቆጣ ፈልጌ ተውኩት። ሌላው ያልተፈታልኝ ደግሞ ጥጃዋ ናት። ያን ቀን ኸይሩ መጀመሪያ ሲጽፍ ጥጃዋን አስገብቷት ነበር ወይስ ብርነሽ ስታቋርጠው ነው የጨመራት? ያ ዝባዝንኬ እጄ ላይ ቢቀር ቁልፍ በቁልፍ ፈትቼ እደርስበት ነበር። እሱ ግን ኪሱ ከትቶት ሄደ። ስጠይቀው፣ «ከነጥጃዋ ይላል አልኩ አይደል» ብሎ ይስቃል።

ኋላ በሽታው እግሩን ያዘውና ቡታጅራ ገባ። ስንደዋወል ጤናውን ከመጠየቄ በፊት እሱ ይጠይቀኛል።

«ማሽኑ አሁንም ጥቁር ነው?»

«ጥቁር ነው።»

«ለማን ብለህ?»

«ለዓይን ጥሩ ነው። ባትሪም ይቆጥባል» እለዋለሁ። ማሽናችን ባትሪ የለውም።

ሰሚራ ከደወለችልኝ በኋላ ደጋውን አቋርጬ ቡታጅራ ለሐዘን ደረስኩ። መልእክቱ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቃትም ከነገረችኝ ሌላ አልጨመረችም። ሸክም አራገፈልኝ? ተቆጣኝ? ከእንግዲህ የራስህን ሥራ ሥራ ማለቱ ነው? ወይስ ያ ነጭ ጥፋት እንዳልነበረ ሊነግረኝ ነው? በሚኒባስ ስመለስ ሁሉንም አገላብጬ አንዱንም አልያዝኩም።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ነጭ አደረግሁት። እንዳልኩት የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ያልለመደው ዓይኔ ትንሽ አለቀሰ፤ ያ ከብርሃኑ ነው። ቀጥሎ የገባው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ነበር። ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት…»

«መጨረሻውን ንገረኝ» አልኩት።

ባጃጁ የሚሠራበትን መስመር ቀይረውበት እንዲመልሱለት ነው። ነገረኝ፤ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ ሰማሁት፤ መታሁት። ጽፌ ስጨርስ ከማተሜ በፊት ላንብብለት ብዬ ጀመርኩ። የልጆቹ ነገር ላይ ስደርስ ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እናቱን የሚጦር መሆኑን አነበብኩ። አዲሱ መስመር ጉድጓድ እንደሆነ፣ ጎማው እንደማይችለው አነበብኩ። እስከ መዝጊያው ደረስኩ።

«ጋሼ» አለኝ ሹፌሩ።

«ምን?»

«መብራት ከሄደ ቆየ እኮ።»

ፊቴን ከእሱ መልሼ ማሽኑን አየሁ። ሰሌዳው ጥቁር ነው። የፎቶ ኮፒውም መብራት ጠፍቷል፤ በመንገዱ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤትም ጸጥ ብሏል። ማሽኑን እንደ ኸይሩ ጽሑፉን በየደቂቃው እንዲያስቀምጥ አላዘዝኩትም ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ሄዷል።

«ታዲያ ምኑን ነው ሲያነቡልኝ የነበረው?» አለኝ።

ልጁ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ይጠብቀኛል። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«ያነበብኩት እንደዚያ ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

«እንደዚያ ነው» አለ።

ጣቱን ለማስነካት ግን መብራቱን መጠበቅ ነበረብን።